የሚስቴ እጆችና የወባ ኪኒን

ሚስቴ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው፤ ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ ጊዜውም የደርግ ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሠፈሩ ሴቶች በራችን ላይ ካለችው ዛፍ ሥር ተራ ይዘው ይቀመጣሉ። እሷ በርጩማ ላይ ሆና አንዷን ጉልበቷ መሀል ታስቀምጥና ወሬውንም ፀጉሩንም አንድ ላይ ትጎነጉናለች። እኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ነበረኝ፤ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሐይቁ ዳር ሰው አመላልሳለሁ።

በሽታው የገባው በጣቶቿ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ "የቀሚሴን ቁልፍ ቆልፍልኝ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ፣ "ምነው፣ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?" አልኳት። አልሳቀችም። እጆቿን ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሁሉ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ሁለቱም እጅ እኩል ነው። እስከ ረፋድ ድረስ አልታጠፍ አልዘረጋ ይላታል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይፈታል። ማግስቱንም እንደዚያው። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ እንደዚያው። እኛ ቁርጥማት አልነው። ዕድሜዋ ገና ሠላሳ አምስት እንኳን አይሞላም ነበር።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካና፣ "ወልቀዋል" አለ። አሥሩም እንዴት አንድ ላይ ይወልቃሉ ብዬ አልጠየቅኩትም። በቅቤ አሽቶ አሽቶ ላከን፤ ማግስቱን እጇ የቂጣ ሊጥ መሰለ። ቀጥሎ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሄድን። እዚያ ሦስት ቀን ከርማ ውሃው ውስጥ እያለች ደህና ነበረች። "ከዚህ ባልወጣ" ትላለች። ግን ሰው ውሃ ውስጥ አይኖርም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ሕመሙ ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን።

ጸሎት ቤታችን በዚያን ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር በየቤቱ ነበር የምንሰበሰበው። አንድ ቀን እኛ ቤት ለእጇ ሊጸልዩ መጡ። ከመጡት አንዷ ጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ከጸሎቱ በኋላ የሚስቴን እጅ እያገላበጠች አየችና፣ "እኛ ጋ አንድ ሐኪም መጥቷል፤ እንዲህ ያለ እጅ ነው የሚፈልገው" አለች።

"ለምን ይፈልገዋል?" አለች ሚስቴ።

"ያጠናዋል።"

"እኔ እያመመኝ እሱ ሊያጠና?"

ብቻ ሄድን። በራሴ ጋሪ ወሰድኳት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ።

ሐኪሙ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ወጣት ሰው ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፤ ለዚህም ነው መሰለኝ የወደድኩት። እጇን አየ፣ ጉልበቷን አየ፣ ደም ወሰደ፣ ራጅ አስነሣ። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቀለለና በትንሹ ነፋው፤ እጇ ላይ አስቀምጦ፣ "ይጭመቁት" አላት። ስትጨምቅ ሜርኩሪዋ በመስታወቱ ውስጥ ከፍ ትላለች። በሚስቴ እጅ ትንሽ ከፍ አለችና ቆመች። ለማስተያያ እንዲሆነን እኔንም አስጨመቀኝ። የፈረስ ልጓም የለመደ እጅ ነውና የኔዋ እላይ ድረስ ወጣች። ሚስቴ አየችና፣ "አንተ ታዲያ ለምንድን ነው ቁልፍ መቆለፍ አንድ ሰዓት የሚፈጅብህ?" አለችኝ።

የበሽታውን ስም ነገረን፣ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው። ቁርጥማት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ይኼኛው ከብርድም ከሥራም እንደማይመጣ አስረዳን። "ሰውነት ዘበኛ አለው፤ በሽታ ሲገባ የሚያባርር። በዚህ በሽታ ዘበኛው ይሳሳታል። የቤቱን ባለቤት ሌባ መስሎት ይደበድባል። መገጣጠሚያዎን የሚመታው የራስዎ ዘበኛ ነው" አላት።

"እንደኛ ቀበሌ ጥበቃዎች በሉኛ" አልኩ።

ሐኪሙ በሩን አየት አደረገ። "እኔ ዘበኛ ነው ያልኩት። ሌላ ነገር አልወጣኝም።" አጠገቡ የነበረችው ነርስ አፏን በመዝገቡ ጋረደች።

ከዚያ የሚሠራውን ነገረን። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሰብስቧል። ግማሾቹ አስፒሪን ብቻ ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ አስፒሪኑ ላይ በየቀኑ አንድ ክሎሮኪን ይጨምራሉ። ከዚያ ያስተያያል። ለሚስቴ የደረሳት ክሎሮኪን ያለበት ነው።

"ክሎሮኪን የወባ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"የወባ ነው። ግን ያንን የተሳሳተውን ዘበኛም ያበርዳል። በውጭ አገር ለዚህ በሽታ ከጀመሩት ቆይተዋል። እኔ የማላውቀው በእኛ አገር ሰው ላይ እንዴት እንደሚሆን ነው። እምቢ ማለትም ይቻላል።"

"ቶሎ ያድናል?" አለች ሚስቴ።

"አያድንም፣ ያስታግሳል። እሱም ቶሎ አይደለም። ሦስት ወር፣ አራት ወር መታገሥ አለብዎት። በየቀኑ ሳያቋርጡ።" ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን። ሁለት ጣቶቿ ላይ የአጥንቱ ጠርዝ አይጥ እንደቀመሰው ሆኗል። "ይኼ እንዳይብስ ነው የምንሠራው። የተበላው አይመለስም፤ ጣት አንዴ ከተጣመመ ተጣመመ ነው።"

ተስማማን። በየወሩ የሚሆን ኪኒን በወረቀት እየጠቀለለ ይሰጣታል፤ እሷ ወደ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ትገለብጠዋለች።

የመጀመሪያው ችግር ሐኪሙና ሚስቴ መግባባት አለመቻላቸው ነበር። "እንዴት ሰነበቱ?" ይላታል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።" "ጣቶችዎስ?" "ተመስገን።" "ጠዋት ጠዋት አይታሰሩም?" "ምን ይደረጋል፣ ተመስገን ነው።" ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ደህና ከሆኑ ታዲያ ምን ሊሠሩ መጡ?"

"ሊያዩኝ ነዋ" አለች።

እንደሱ ነው ያደግነው። ሰው ሲጠይቅህ አመመኝ ብለህ አትጀምርም፤ መጀመሪያ ታመሰግናለህ፣ ሕመሙ ቆይቶ በጎን ይገባል። ሐኪሙ ግን ወረፋ አለበትና ሕመሙ እስኪገባ ሊጠብቅ አይችልም። ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎ መጻፍ ይችላሉ?"

"በመሠረተ ትምህርት ተምሬአለሁ። ቀስ ብዬ ነው እንጂ እጽፋለሁ።"

"ቀስ ይበሉ። እጇ በስንት ሰዓት እንደተፈታ በየቀኑ ይጻፉልኝ። ሰዓት አለዎት?"

ሰዓት የለኝም። ግን ከቤታችን በላይ ትምህርት ቤት አለ፤ የመኪና ቸርኬ ሰቅለው በብረት ይመቱታል፣ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። የጠዋቱ ደወል አለ፣ ረፋድ ላይ የእረፍቱ ደወል አለ። ሐኪሙ፣ "ይበቃል፣ በደወሉ ይጻፉ" አለ። ከመሠረተ ትምህርት የተረፈኝ ደብተር ነበረኝ። "አበበ በሶ በላ" ካልኩበት ቀጥሎ ባለው ገጽ የሚስቴን እጅ መጻፍ ጀመርኩ።

"መስከረም። ከጠዋቱ ደወል በኋላ ብዙ ቆይቶ ተፈታ። አሳከካት።" ክሎሮኪን እንደሚያሳክክ የአዋሳ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰሞን እጇ ወደ ኋላ አይደርስላትምና ጀርባዋን የማክላት እኔ ነበርኩ። "ቅዳሜ። ደወል የለም። በግምት አምስት ሰዓት።" "ጥቅምት። የእረፍቱ ደወል ሲደወል ተፈታ። ማሳከኩ ቆመ፣ ተመስገን።" እንዲህ እያልኩ ሄድኩ። ሰውየው የእጅ ጽሑፌን አይቶ አልሳቀም። በየወሩ ተቀምጦ ያነበዋል፣ ደወሉን ወደ ሰዓት እየለወጠ በራሱ ወረቀት ላይ ይገለብጣል። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩትን ሰው ተቀምጦ ሲያነብልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። የእረፍቱ ደወል ከሚስቴ እጅ ጋር የተማማለ ይመስል ነበር፤ እሱ ሳይደወል አይፈታም። ሴቶቹ አሁንም ይመጣሉ፣ ከዛፏ ሥር ይቀመጣሉ፣ ግን ፀጉራቸውን እርስ በርስ ነው የሚሠራሩት። እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና፣ "ግራውን አጥብቂው፣ ተጣመመብሽ" ትላለች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች።

ጥር ላይ ሐኪሙ ሜርኩሪዋን አየ፣ ደብተሬን አየ። "አራት ወር አለፈን። ክሎሮኪን ከሚወስዱት ሌሎቹ አንዳንዶቹ እየተሻላቸው ነው። እርስዎ ጋ ምንም የለም። በሚቀጥለው ወር ለውጥ ካላየሁ አቆመዋለሁ። ለዓይንም ጥሩ አይደለም፤ ካልጠቀመ በከንቱ አልሰጥዎትም።"

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ከዚያ አስፒሪን ነው። ወርቅ ያለበት መርፌ አለ፣ ለዚሁ በሽታ የሚሰጥ። እዚህ አናገኘውም።"

"ወርቅ?" አለች ሚስቴ። "ጆሮዬ ላይ ያላንጠለጠልኩትን ክንዴ ላይ ልወጋ?"

ሐኪሙ ሳቅ አለ፣ ግን ሳቁ አልቆየም። አስፒሪን ብቻ የሚወስዱት ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ እንደሆነ ነገረን። ክሎሮኪኑ መርዳቱን ካየ ለእነሱም ሊጠይቅላቸው ነው። የሚያስተያያቸው ሰዎች ጥቂት ናቸውና አንድ ሰው እንኳን ሚዛኑን ያዛባል። ከነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹን ወረፋ ላይ አውቃቸዋለሁ። አንዲት ከቡሹሎ በኩል የምትመጣ ሴት አለች፤ ጣቶቿ ወደ ጎን ዞረው አልቀዋል፣ ብርጭቆ የምትይዘው በሁለት መዳፍ ነው። ስንመለስ ሚስቴ መንገዱን ሁሉ የራሷን ጣቶች ስታይ መጣች። ፈረሱ እንኳን ቀስ አለ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የሠፈራችን ሴት ከወፍጮ ቤት ዱቄት ይዛ ጋሪዬ ላይ ወጣች።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳላመሰግንዎት ቀረሁ" አለችኝ።

"በምን?"

"በልጄ ነዋ። እትዬ ባትደርስልኝ እኮ ጥቅምት ላይ ቀብሬያት ነበር። እንዲያ ስትንቀጠቀጥ ክሎሮኪን ከየት ይገኛል? ጤና ጣቢያ አለቀ፣ ሱቅ የለ። እትዬ ግን ከነቆርቆሮው አወጣችልኝ። እስክትድን ድረስ።"

ልጓሙን ያዝ አደረግኩ። "ላንቺ ብቻ ነው የሰጠችው?"

"ኧረ እኔ ማን ሆኜ! የፖሊሱ ሚስት፣ እነዚያ የጥግ ቤቶቹ፣ የእንጀራ ሻጯ ሁለቱም ልጆች። የእርስዎ ቤት እኮ ፋርማሲ ሆኖ ነው የከረመው።" ከዚያ ፊቴን አየች። "አያውቁም ነበር እንዴ?"

ዱቄቷን አውርጄ ቤቴ ሄድኩ። ሚስቴ ደጅ ተቀምጣ ነበር።

"ኪኒኑን ማን ነው የሚውጠው?" አልኳት።

"እኔ።"

"ሁሉንም?"

"ሲተርፍ።"

"ከምን ይተርፋል? ለቀን አንድ ነው የተሰጠሽ።"

ወደ መሬት አየች። "አሁንም ትንሽ አስቀምጫለሁ። ወባ ሄደች እንጂ አልሞተችም፤ ዝናብ ሲመጣ ትመለሳለች። የኔ እጅ ቢያብጥ አልሞት። እንደ እሳት የምትፋጅ ልጅ ይዛ በራፌ ላይ ለቆመች ሴት፣ ቆርቆሮው ሞልቶ ሳለ የለኝም ልበላት? አንተ ትላታለህ?"

አሰብኩ። "አልላትም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ትቆጣኛለህ።"

መቆጣት አልነበረም። ደብተሩን አውጥቼ ወደ ኋላ ገለጥኩ። "ማሳከኩ ቆመ፣ ተመስገን" ይላል፣ በራሴ እጅ፣ ጥቅምት ላይ። እንዴት አያቆም፤ ኪኒኑን ትታው ነበራ። እኔ ደግሞ በደስታ ነው የጻፍኩት።

"ለሐኪሙ ትነግረዋለህ?" አለችኝ።

"ካልነገርኩት መድኃኒቱ አልሠራላትም ብሎ ይጽፋል።"

"ከነገርከው ያስወጣኛል። የመንግሥት መድኃኒት ለሰው አደለች ቢባልስ? ቀበሌ ቢጠራኝስ?"

ይኼ በዚያ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ባነሰ ነገር ተጠርቶ አይቻለሁ። ሁለት ቀን ጋሪዬን ነዳሁ። አንድ ወር ጠብቀን፣ አሁን በደንብ ዋጥ አድርጋው፣ እንዳልነበረ ብናደርገውስ ብዬም አስቤ ነበር። ግን በአንድ ወር እንደማይሠራ ሰውየው አስቀድሞ ነግሮናል። ያ ማለት መድኃኒቱ ይቆማል፣ ጣቶቿም ይጣመማሉ። የዚያችም በሁለት መዳፍ የምትይዝ ሴት ነገር አልለቅ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ፈረሱን ጠመድኩና፣ "ተነሺ" አልኳት። ነጠላዋን ለበሰች። ቆርቆሮውንም ይዛ ወጣች።

ሐኪሙ ቀኑ ሳይደርስ ሲያየን ደነገጠ። "ምን ሆኑ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" አለች ሚስቴ። ከዚያ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ደብተሩን ገልጬ ጥቅምት ላይ ጣቴን አደረግኩ። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ። ስጨርስ ሐኪሙ ገጹን ደጋግሞ አየ።

"ማሳከኩ ቆመ ይላል" አለ። "አይቼው ነበር እኮ። ለመደችው ብዬ አለፍኩት።" ግንባሩን አሸ። "ይኼ የእናንተ ብቻ ጥፋት አይደለም። ለስንት ሰው ነው የሰጡት?"

ሚስቴ ሰው የምታስታውሰው በፀጉሩ ነው። "ያቺ ሉጫዋ፣ ከነልጇ። ያቺ መሀሏ የሳሳው። ያቺ ከርዳዳዋ፣ ሁለት ልጆቿ። ያቺ ደግሞ ፀጉር እንኳን የላትም፣ ባሏ ነው የታመመው..." እያለች ቆጠረች። ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ሁሉም ዳኑ?"

"ሁሉም። ተመስገን።"

"እንግዲያው የወባው ጥናት ተሳክቶልናል" አለ ሐኪሙ። "የቁርጥማቱን እንደገና እንጀምራለን።" በወረቀቱ ላይ የሚስቴን መስመር ይፍቀዋል ብዬ ስጠብቅ አልፋቀውም። ከጎኑ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ስጠይቀው፣ "አልወሰደችም" ብሎ አነበበልኝ። "ስህተትም ይጻፋል። ካልተጻፈ የሚመጣው ሰው ይደግመዋል።" ስለ ቀበሌም ስለ መንግሥትም አንድ ቃል አልተናገረም።

የቀረው ነገር ኪኒኑን እንዴት እናድርገው የሚለው ነበር። ሐኪሙ፣ "ሲጠይቁዎት የለም ይበሉ" አላት። ሚስቴ ራሷን ነቀነቀች። ውሸት አይሆንላትም፤ መከልከልም አይሆንላትም። ራሷ ናት መላ ያመጣችው። "እሱ ይያዘው። የት እንዳደረገውም አይንገረኝ። ሲጠይቁኝ እኔ ጋ የለም እላለሁ፣ እውነቴን ነው።"

እንደዚያ ሆነ። ኪኒኑን ጋሪው ሥር፣ የፈረሱን ጥፍር ማጽጃ የማደርግበት ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። ማታ እራት እንደበላን አንዷን መዳፏ ላይ አደርጋለሁ፤ ትውጣለች፣ "ምላስሽን አሳዪኝ" እላታለሁ፣ ምላሷን ታወጣብኛለች። ማሳከኩ ተመለሰ፣ እኔም ጀርባዋን ማከክ ጀመርኩ። በየጊዜው ሐኪሙ ዓይኗን ለመፈተን ጫፉ ቀይ የሆነ የክብሪት እንጨት ፊቷ ላይ ወዲህ ወዲያ እያደረገ፣ "ቀይነቱ ደብዝዟል?" ይላታል። "ያንተን ቀይ ክብሪት ሳይ ልኖር ነው" ትለዋለች። አንተ ማለት ጀምራ ነበር፤ እሱም አልከፋውም።

የካቲት፣ መጋቢት፣ ደብተሩ ላይ ያው የእረፍቱ ደወል ነው። ሚያዝያ ላይ ግን፣ "ከጠዋቱ ደወል በኋላ፣ ከእረፍቱ በፊት" የሚል መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ተሳሳትኩ ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷም ለእኔ አልነገረችኝም። ሁለታችንም ብንናገረው የሚበርብን መስሎን ነበር።

ሁለቱ አይጥ የቀመሳቸው ጣቶች ግን እንደ ጎበጡ ቀሩ። ሐኪሙ ከመጀመሪያውም የተበላው አይመለስም ብሎናል። ዓመት ሳይሞላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ወረቀቱን ይዞ ሄደ፣ የት እንዳደረሰው አላውቅም። የማውቀው ከመሄዱ በፊት ያቺ ከቡሹሎ የምትመጣው ሴት ክሎሮኪን መጀመሯን ነው። ነርሷ ነች የነገረችኝ።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ጋሪዬን ልጠምድ ወጣሁ። ሚስቴ ቀድማኝ ተነሥታለች። በርጩማዋ ላይ ናት፤ ጉልበቷ መሀል ያቺ ጥቅምት ላይ ኪኒኑ ያዳናት የጎረቤት ልጅ ተቀምጣለች። ግማሹ ፀጉር ተሠርቷል። እኔ ቆሜ አየሁ፤ ቀስ ብላ ነው የምትሠራ፣ በጎበጡት ጣቶች ሳይሆን በሌሎቹ እየያዘች።

ከላይ ቸርኬው ተመታ።

"እትዬ፣ ደወለ፣ ረፈደብኝ" አለች ልጅቷ።

"ቁጭ በይ፣ አንድ መስመር ነው የቀረኝ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ይኼ የትኛው ደወል ነው?"

"የጠዋቱ" አልኳት።

"ታዲያ ምን ገትሮሃል፣ ጻፈዋ።"

ፈረሱን ትቼ ገባሁና ደብተሩን አወጣሁ። እጄ ቀርፋፋ ነውና ልጅቷ ፀጉሯ አልቆ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ገና እየጻፍኩ ነበር። "ሰኔ። ደወሉ ሳይደወል እጇ ሥራ ላይ ነበር።"